የኪሮሽ መርፌ የያዘችው ልጅ

የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል የሦስተኛ ክፍሏ ልጅ ከማንም ቀድማ ከግቢ መውጣት አለባት። ስምንት ዘጠኝ የሚሆኑ ወንዶች ልጆች ከኋላዋ አሉ። መንገድ ዳር ያገኙትን ሁሉ ያነሳሉ፤ ድንጋይ፣ የጡብ ስባሪ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ። እየወረወሩ ይሰድቧታል። ስድቡ ስለ ቆዳዋ ጥቁረትና ስለ መልኳ ነው። በረዶ የሚወርድበት ወር ነው፤ ጫማዋ ቀዳዳ ስለሆነ ቅዝቃዜው ገብቶ እግሯን አደንዝዞታል። ሌላ ቀን ታመልጣለች፤ አንድ ቀን ግን ያዟት። ግራና ቀኝ ጠፍረው ሊደበድቧት ሲሉ ከመካከላቸው አንዱን ልብ ብላ አየችው። እሱም ጥቁር ነው፤ ቤተሰቦቹ ከኬፕ ቨርዴ የመጡ ናቸው። አንተም እኮ እንደኔው ነህ ስትለው ልጁ ደሙ ፈላ። እሱ ጥቁር አይደለም፣ ፖርቱጋላዊ ነው፤ ሁለተኛ እንዲህ ብላ እንዳትጠራው።

እያለቀሰች ቤት ስትገባ እናቷ የኪሮሽ መርፌ አውጥታ ሰጠቻት። ከእንግዲህ መሮጥ የለም፤ ቀስ ብለሽ ትሄጃለሽ፣ የነካሽን ትወጊዋለሽ አለቻት። በማግስቱ ልጅቱ መርፌዋን ጨብጣ እየተራመደች ወጣች። ልጆቹ መጡ፣ ዛቻዋን ሰሙ፣ እየሳቁ ሄዱ። በሌላ መጽሐፍ ውስጥ ቢሆን ይህ ታሪክ እዚህ ላይ በድል ያበቃ ነበር። አሜሪካዊቷ ተዋናይ ቫዮላ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ባሳተመችው «ፋይንዲንግ ሚ» በተባለው ግለ ታሪኳ ግን ገና የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ ድልም የሚባል ነገር የለበትም። ልጅቱ በመርፌ ልጆቹን አባረረች እንጂ መሮጧን አላቆመችም። ኮሌጅ ገብታ ሮጠች፣ መድረክ ላይ ወጥታ ሮጠች፣ ኦስካር ይዛም ሮጠች።

ይህን የምታስረዳው ደግሞ በተዋናይ ወግ፣ በቀረጻ እረፍት ላይ በተደረገ ጨዋታ ነው። «ሱሳይድ ስኳድ» የተባለው ፊልም ሲቀረጽ ተዋናዩ ዊል ስሚዝ ማን ነሽ ብሎ ይጠይቃታል። ራሴን አውቃለሁ ትለዋለች። እሱ ግን አልተዋትም፤ እኔ ምንጊዜም የሴት ጓደኛው ጥላው የሄደች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ፣ አንቺስ ማን ነሽ ይላታል። ያን ጊዜ እውስጧ ያለችው ሴት የኪሮሽ መርፌ የያዘችው የስምንት ዓመት ልጅ መሆኗ ይገለጥላታል። (የመጽሐፉ ዕድል ሆኖ ገበያ ላይ የዋለው ይኸው ዊል ስሚዝ በኦስካር መድረክ ላይ ኮሜዲያኑን ክሪስ ሮክን በጥፊ ከመታ ከአንድ ወር በኋላ ነው። ብዙ አንባቢ ያን ገጽ ሲያነብ የአሥራ አምስት ዓመቱን ልጅ በቴሌቪዥን ገና ከማየቱ ነበር።)

እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ አለ። ተዋናይ ማለት በትእዛዝ የሚያለቅስ ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ጀምሪ ሲላት እንባዋ የሚወርድ፣ ቁረጡ ሲባል ሜካፗን የምታስተካክል ሴት አሁን ደግሞ የእውነቱን ልንገራችሁ ብትል ለምን እናምናታለን? የታዋቂ ተዋናዮች ግለ ታሪክ ትልቅ ገበያ ነው። አሳታሚው የሚከፍለው ለምሥጢር ነው፤ ምሥጢሩ ጠንከር ባለ ቁጥር ክፍያውም ጠንከር ይላል። አንባቢም ሆዱ የሚባባው በቀላሉ ነው። ስለዚህ ግልጽነት ራሱ አንድ ተጨማሪ ሚና ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት መጽሐፎችን ሳነብ የምጠቀምበት መመዘኛ አንድ ነው። ለምሥጢሩ ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? ተራኪው ራሱ ነው ወይስ አጠገቡ የቆመ ሰው?

የዴቪስ መጽሐፍ በዚህ መመዘኛ ሲታይ ከፍ የሚልበት ቦታ ቤቱ ነው። ቫዮላ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1965 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ፣ ሴንት ማቲውስ አጠገብ፣ ጥንት የባሪያ እርሻ በነበረ መሬት ላይ በአያቷ ጎጆ ተወለደች። ለወላጆቿ ከስድስት ልጆች አምስተኛዋ ናት። ብዙም ሳትቆይ ቤተሰቡ ወደ ሰሜን ወጥቶ ሴንትራል ፎልስ ሰፈረ። ሴንትራል ፎልስ በሮድ አይላንድ ግዛት ያለች፣ ስፋቷ ከሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ ሰው በሰው ላይ የተደራረበባት የፋብሪካ ከተማ ናት። ጥቁር ቤተሰብ በጣት የሚቆጠር ነበር። አባቷ በፈረስ ውድድር ሜዳዎች የፈረስ አጣቢና አሰናጅ ነው። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ የሚጠጣው ደግሞ ብዙ።

የተከራዩት በዋሽንግተን ጎዳና ቁጥር 128 ነበር። ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ቤቱን የሚጠራው በቁጥሩ ነው። እንዲፈርስ የተፈረደበት ሕንጻ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱ አያስተማምንም፣ በብርድ ወራት የውኃ ቧንቧው ይደርቃል፣ ማሞቂያው አንዴ ይሠራል አንዴ ይቆማል። ከሁሉ የከፋው አይጥ ነው። የኩሽናው ቁም ሣጥንና መደርደሪያ የአይጥ ግዛት ስለሆነ ልጆቹ ወደዚያ መግባት ተዉ። አይጦቹ የአሻንጉሊቶቿን ፊት በሉት። ማታ ማታ አልጋ ላይ እየዘለሉ ስለሚወጡ እንዳይነክሷት አንገቷ ላይ ጨርቅ ጠምጥማ ትተኛለች። የመንግሥት የምግብ ድጎማ ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። ሳያጠራጥር የሚገኝ ምግብ የትምህርት ቤት ምሳ ብቻ ነው። አንድ ቀን ከሱቅ ስትሰርቅ ተይዛ ባለሱቁ በሰው ፊት ጮኸባት፤ ከዚያ ወዲያ አልሰረቀችም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የድህነት ታሪክ ነው፤ ድህነትን ደግሞ ብዙ ዝነኞች በኩራት ይጽፋሉ። የአሁኑን ከፍታ ስለሚያጎላላቸው አያሳፍራቸውም። ዴቪስ ግን ሌላ ዝነኛ የማይነካውን ነካች፤ ሽታን። ለዓመታት አልጋዋ ላይ ትሸና ነበር። ቤት ውስጥ ሙቅ ውኃ የለም፣ ብዙ ጊዜ ጨርሶ ውኃ የለም። ልብስ ማታ በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታሻል፣ ይሰጣል፣ ጠዋት ካልደረቀ እርጥቡ ይለበሳል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ትሸታለች። አስተማሪዎቹ አጉረመረሙ፤ እሷና እህቷ ተጠርተው ስለ ንጽሕና ተመከሩ፣ እንዴት እንደሚታጠቡ ተነገራቸው። የሚታጠቡበት ውኃ አለ ወይ፣ እቤት ምን አለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ይህን ማንም አስገድዶ አላስጻፋትም፤ ለፊልም ገበያም የሚጨምረው ነገር የለም። ቀይ ምንጣፍ ላይ በወርቅ ቀለም ቀሚስ ስትራመድ የሚያያት ተመልካች ይህን ባያውቅ ምን ይቀርበታል? ገመናህን ሸፍን እየተባለ ላደገ እንደኛ ያለ አንባቢ ደግሞ ገጹ ይከብዳል። በአማርኛ ስናነበው ያደግነው ግለ ታሪክ በአብዛኛው የሹማምንትና የጦር ሰዎች ነው። ማን እንደተሾመ፣ ማን እንደተሻረ፣ የት እንደተዘመተ ይነገረናል እንጂ ባለታሪኩ በልጅነቱ ምን ያሳፍረው እንደነበር አይነገረንም። እኔ ያን ገጽ ጨርሼ መጽሐፉን ለጊዜው አጠፍኩት። ሴትዮዋን ያመንኳትም ያኔ ነው።

ደግሞ ሁሉም ለቅሶ አይደለም። በዚያው ቤት ሳሉ አራቱ እህትማማቾች በከተማዋ መናፈሻ የልጆች የድራማ ውድድር እንዳለ ሰሙ። ራሳቸው ጽፈው፣ ራሳቸው አዘጋጅተው፣ ልብሱን ካገኙት ቁርጥራጭ ሠርተው ወጡ፤ አሸነፉም። ከሽልማቱ ውስጥ የፕላስቲክ የቤዝቦል ዱላ ነበረበት። ዱላው ቤት ገባና የአይጥ መግደያ ሆነ። በዓለም የታወቀች ተዋናይ የመጀመሪያ የትወና ሽልማቷ ምን ላይ እንደዋለ ስትናገር የሰማሁት እዚህ መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው፤ ከዋንጫዎቿም ሁሉ እንደዚያ ዱላ ያገለገለ ያለ አይመስለኝም።

ፍላጎቱን የጫረባት ቴሌቪዥን ነው። እቤታቸው ሁለት ቴሌቪዥን ነበር፤ ከታች ያለው የማይሠራ፣ ከላይ የተቀመጠው የሚሠራ፣ አንቴናው በአሉሚኒየም ፎይል የተጠቀለለ። እ.ኤ.አ. በ1974 በዚያ ስክሪን ላይ «የሚስ ጄን ፒትማን ግለ ታሪክ» የተሰኘው ፊልም ታየ። ዋናዋ ተዋናይ ሲስሊ ታይሰን በባርነት ከተወለደች ወጣት ተነስታ ከመቶ ዓመት በላይ የሆናት አሮጊት እስክትሆን ድረስ አንዲትን ሴት ተጫወተች። ቫዮላ ያየችው እንደ እናቷ ያለ ፊት፣ እንደሷ ያለ ቆዳ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ በዓለም ላይ እንዳለም ያኔ ገባት።

ታይሰን ራሷ ግለ ታሪኳን ያሳተመችው በ96 ዓመቷ ነው፤ «ጀስት አዝ አይ አም» ይባላል። መጽሐፉ ጥር 26 ቀን 2021 ወጣ፤ እሷ ጥር 28 ቀን አረፈች። መቅድሙን የጻፈችው ቫዮላ ዴቪስ ናት። ሁለቱን መጽሐፎች አጠገብ ለአጠገብ ማንበብ ያስተምራል። ታይሰን በአሥራ ሰባት ዓመቷ ማርገዟን፣ ከሙዚቀኛው ማይልስ ዴቪስ ጋር የነበራትን የድብደባና የሱስ ትዳር ሳትደብቅ ጻፈች። ልጇን ግን በእውነተኛ ስሟ አልጠራቻትም፤ ሌላ ስም ሰጥታ ከገጹ አሸሸቻት። ለስድሳ ዓመት ካሜራ ፊት የቆመች ሴት ልጇ በሕዝብ ፊት ለመቆም እንዳልመረጠች ታውቃለች። እኔ ይህን መከለል ከግልጽነት ጉድለት አልቆጥረውም። የራሷን ምሥጢር በራሷ ላይ አወጣች፤ የሌላ ሰው የሆነውን ለባለቤቱ ተወች።

ተቃራኒውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በ2022 የተከታታይ ድራማው የ«ፍሬንድስ» ተዋናይ ማቲው ፔሪ ግለ ታሪኩን አወጣ። ስለ ራሱ ሱስ የጻፈው በጭካኔ የተሞላ እውነት ነው። አንጀቱ ፈንድቶ ለሁለት ሳምንት ራሱን ስቶ መተኛቱን፣ ከሱሱ ለመላቀቅ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ማውጣቱን፣ ተከታታይ ድራማውን ያየ ሰው ውፍረቱንና ክሳቱን እያስተያየ የትኛው ዓመት የመጠጥ፣ የትኛው የክኒን እንደነበር መለየት እንደሚችል ይነግረናል። ይህን ያህል ራሱን የገለጠ ሰው ግን ድንገት ምንም ያላደረገውን ተዋናይ ኪያኑ ሪቭስን ይነካል፤ ሌሎች ጎበዞች በወጣትነት ሞተው ሪቭስ ለምን በሕይወት ኖረ የሚል ቀልድ። መጽሐፉ ገና ገበያ ሳይደርስ ቁጣው ተነሳ። ፔሪ ይቅርታ ጠየቀ፣ የራሴን ስም ማስገባት ነበረብኝ አለ፣ በሚቀጥሉት እትሞች እንደሚወጣም ተናገረ። ጥቅምት 28 ቀን 2023 ሞተ። ያ ቀልድ ከመጽሐፉ ሁሉ ርካሹ ነው፤ ከፋዩ ተራኪው አልነበረምና።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ተነኪው ኪያኑ ሪቭስ ሳይሆን አባት ሲሆን ነው።

የዴቪስ አባት ሚስቱን ይደበድባል። ደሞዝ በተቀበለበት ቀን፣ በሰከረበት ማታ፣ አንዳንዴም ያለምክንያት። ልጆቹ ጩኸት ሲሰሙ ይሮጣሉ፤ ግድግዳው ላይ፣ ወለሉ ላይ ደም አለ። ቫዮላ አሥራ አራት ዓመቷ ላይ፣ አባቷ ብርጭቆ በእናቷ ፊት ላይ ሰብሮ ሊደግም እጁን ሲያነሳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መሀል ገባች። ብርጭቆውን ስጠኝ እያለች ጮኸች። እግሯ ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው ዓይኗን አየ፣ ብርጭቆውን ሰጣት። ሄዳ ደበቀችው። ይህ ትዕይንት ፊልም ላይ ቢሆን ሙዚቃ ይኖረዋል፤ መጽሐፉ ላይ የቀረው ድርጊቱ ብቻ ነው። ብርጭቆው ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ አለፈ፣ ልጅቱ ይዛው ወጣች፣ በቃ።

ይህን ሰው ጭራቅ አድርጎ መተው ቀላል ነበር፤ አንባቢም ያጨበጭብ ነበር። እሷ ግን ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ ያንኑ ሰው ሌላ አድርጋ ታመጣዋለች። አርጅቶ፣ መጠጡን ትቶ፣ የልጅ ልጆች እያሳደገ፣ ለሚስቱ እየታዘዘ፣ ይቅርታ እየለመነ። እ.ኤ.አ. በ2006 በቆሽት ካንሰር ሲሞት አልጋው አጠገብ ያሉት ሚስቱና ልጆቹ ናቸው፤ የሚያለቅሱትም ከልባቸው ነው። ሁለቱን ሰዎች አታስታርቅልንም። የደበደበው አባት በኋላ በተለወጠው አባት አይሰረዝም፣ የተለወጠውም በፊተኛው አይካድም። እናቷም ቢሆን ተደብዳቢ ብቻ ሆና አትቀርም። ይህች ሴት ቫዮላ የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች በመብት ተቃውሞ ሰልፍ ላይ ልጇን እንደያዘች የታሰረች ናት፤ የኪሮሽ መርፌውን የሰጠችውም እሷው ናት። ይቅር ማለት ምን እንደሆነ ብዙ መጽሐፍ ይሰብካል። ይህ መጽሐፍ ይቅር ያለችውንም ያልረሳችውንም አንድ ላይ ያስቀምጥና ይሄዳል።

ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ሥራ ነው፤ እኔ በበኩሌ ከቤቱ ቀጥሎ የወደድኩት ክፍል ይህ ነው። ከሮድ አይላንድ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1988 ተመርቃ በቀጣዩ ዓመት ኒውዮርክ ጁሊያርድ ገባች። ጁሊያርድ በአሜሪካ ስመ ጥር የትወና ትምህርት ቤት ነው፤ ለመግባት መታገልን፣ ገብቶም ለመቆየት መታገልን ይጠይቃል። እዚያ የተማረችው ግን እንዴት ሌላ ሰው መምሰል እንደሚቻል ነበር። ሼክስፒር፣ ቼኾቭ፣ በወገብ ማጥበቂያ የታሰሩ የአውሮፓ እመቤቶች። ድምፇ ወፍራም ነው፣ አካሏ ሰፊ ነው፣ ቆዳዋ ጥቁር ነው፤ ትምህርቱ እነዚህን ሁሉ እንደ እንከን ያስተካክላል። ነጭ ሆኖ መተወንን እንጂ ራሷን ሆና መተወንን የሚያስተምራት አጣች።

መድኃኒቱን ያገኘችው በእረፍት ወራት ጋምቢያ ስትሄድ ነው። በማንዲንካ ሕዝብ ሰፈር ካየቻቸው ነገሮች መካከል አንዱን አስረዝማ ትተርካለች። ልጅ የመውለድ ዕድል ያጡ ወይም ልጆቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ማኅበር አላቸው፤ ካንየለንግ ይባላሉ። ትልልቅ ጫማ አጥልቀው፣ የማይመጥን ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ቀባብተው፣ ከበሮና ቆርቆሮ እየመቱ፣ አስቂኝ ነገር እየሠሩ ይጮኻሉ። የሚጮኹት ፈጣሪ እንዲሰማቸውና ልጅ እንዲሰጣቸው ነው። ተመልካቹ ይስቃል፤ ሴትዮዋ ደግሞ ጥርሷን እያሳየች የምትለምነው የማህፀኗን ነገር ነው። ዴቪስ ስለ ትወና ጁሊያርድ ያላስተማራትን እዚህ ተማርኩ ትላለች። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት የማመን ጥያቄም ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘም። የካንየለንግ ሴቶች እየተወኑ ነው፤ ግን አይዋሹም።

ስለ ገንዘብ የጻፈችው ደግሞ ተዋናይ መሆን የሚመኝ ወጣት ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን «ሴቨን ጊታርስ» ብሮድዌይ ላይ ወጥታ ለቶኒ የቲያትር ሽልማት ታጨች፣ በ2001 በዚሁ ጸሐፊ «ኪንግ ሄድሊ ሁለተኛው» ሽልማቱን ወሰደች። ሰው ከዚያ በኋላ ያለፈላት ይመስለዋል። እሷ የምትቆጥረው ግን የቤት ኪራይ፣ የወኪል ድርሻ፣ የጤና መድን ነው። ሕመም ሲኖርብህ ሚናው ጥሩ ነው ወይ ብለህ አትጠይቅም፤ ሥራው መድን ያስገኛል ወይ ብለህ ትጠይቃለህ። የምታገኛቸው ሚናዎች ጠበቃ፣ ፖሊስ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ፣ የሱሰኛ እናት ነበሩ፤ ሁለት ሦስት ገጽ ንግግር፣ ብዙዎቹ ያለ ቤተሰብ ስም። የአብዛኛው ተዋናይ ሕይወት ይህ ነው፣ ሥራ ያገኘው ዕድለኛ ነው ስትል የምታማርር አትመስልም፤ የሙያውን ሂሳብ ነው የምታሳየው።

በ2008 «ዳውት» በተሰኘው ፊልም ላይ ከሜሪል ስትሪፕ ጋር አንድ ትዕይንት ተሰጣት፤ አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የአንድ ተማሪ እናት ናት፤ ልጇ በቄስ ተነክቷል የሚል ወሬ ይነገራታል፣ እሷ ግን ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስ ዝም በሉ ትላለች። ዴቪስ ይህች ሴት ለምን እንዲህ እንደምትል አልገባት ስላለ ሃምሳ ገጽ የሚሆን የሕይወት ታሪክ ጻፈችላት። ፊልሙን ያየ ሰው የሚያስታውሰው አፍንጫዋ እየፈሰሰ ሳትጠርገው መናገሯን ነው። በዚያች ትዕይንት ለኦስካር ታጨች። የ128 ቤትን አንብቦ ወደ ፊልሙ የተመለሰ ሰው ሃምሳው ገጽ ከየት እንደተቀዳ አይጠፋውም።

«ሄልፕ» የተባለው የ2011 ፊልም ሁለተኛውን የኦስካር ዕጩነት ቢያመጣላትም በኋላ ተጸጽታበታለች። ፊልሙ ስለ ጥቁር የቤት ሠራተኞች ነው ይባላል እንጂ የሠራተኞቹ ድምፅ አልተሰማበትም የሚል ነው ቅሬታዋ። ያበላትን ሥራ እንዲህ መናገር በሆሊውድ የተለመደ አይደለም። ከ2014 ጀምሮ «ሀው ቱ ጌት አዌይ ዊዝ መርደር» በተሰኘው ተከታታይ ድራማ ላይ መሪ ተዋናይ ስትሆን ደግሞ ገጸ ባሕሪዋ ማታ መስታወት ፊት ተቀምጣ ዊጓን አውልቃ፣ ሜካፗን ጠርጋ በራሷ ፀጉር እንድትታይ ጠየቀች። ያን ጊዜ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ወጣት ሳለች ፀጉሯ ረግፎ ለዓመታት በዊግ ተሸሽጋ እንደኖረች ከመጽሐፉ ያወቀ አንባቢ ያንን ትዕይንት እንደ ቀድሞው አያየውም። በ2015 በድራማ ዘርፍ በመሪ ተዋናይትነት የቴሌቪዥኑን የኤሚ ሽልማት ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ «ፌንስስ» የተባለው ፊልም በ2017 ኦስካሩን አስጨበጣት።

መጽሐፉ የሚደክመውም እዚሁ አካባቢ ነው። ሽልማቱ በተከታተለ ቁጥር ዝርዝሩ ይሳሳል። አይጡን እስከ ፀጉሩ ቀለም ልታሳየን ምንም ያልቀራት ጸሐፊ የሽልማት ምሽቶችን በጥቅል ታልፋቸዋለች። በምትካቸው ራስን ስለ መፈወስ፣ በውስጥ ያለችውን ሕፃን ስለ ማቀፍ የሚናገሩ፣ በአሜሪካ የሥነ ልቦና አማካሪዎች ክፍል የተለመዱ ሐረጎች ይገባሉ። ከባለቤቷ ከተዋናይ ጁሊየስ ቴነን ጋር ስላለው ትዳር የጻፈችው ደስ ይላል፤ ግን ደስታ ለመጻፍ ከመከራ ይከብዳል፣ እሷም አልተሳካላትም። አርታኢው ሠላሳ ገጽ ቢቀንስ ኖሮ የሚጎዳ ነገር አልነበረም።

ማንበብ የማይመቸው ሰው ሊያዳምጠው ይችላል፤ ትረካውን ራሷ ናት ያነበበችው። እንግሊዝኛ በጆሮው ለሚቀለው፣ መኪና ሲነዳ ወይም ወጥ ሲሠራ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ከወረቀቱ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ዓረፍተ ነገሮቿ ለድምፅ የተጻፉ ናቸው። የካቲት 5 ቀን 2023 ይኸው ትረካ የግራሚ ሽልማት አሸነፈ። ቶኒ ነበራት፣ ኤሚ ነበራት፣ ኦስካር ነበራት፤ ግራሚው ሲታከልበት አራቱንም ከሰበሰቡት ጥቂት ሰዎች አሥራ ስምንተኛዋ ሆነች። አራተኛውን ሽልማት ያገኘችው ማንንም ሳትተውን፣ አልጋዋ ላይ የምትሸናውን ልጅ ታሪክ በገዛ ድምፇ በማንበቧ ነው። የሽልማቱ ዘርፍ ስም ግን የሚለው ለምርጥ ትረካ ነው። ስለዚህ ዳኞቹ የሸለሙት ሕይወቷን ነው ወይስ አነባበቧን? ሁለቱን መለየት እነሱም የቻሉ አልመሰለኝም።

መጽሐፉ ከመውጣቱ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ55ኛ ልደቷ ዕለት፣ የተወለደችባትን የደቡብ ካሮላይና ጎጆ ፎቶግራፍ በማኅበራዊ ገጿ ለጥፋ ሁሉም የኔ ነው የሚል ነገር ጽፋበት ነበር። ጋዜጦች ተሯሯጡ፤ ዝነኛዋ ተዋናይ አያት ቅድመ አያቶቿ የደከሙበትን የእርሻ መሬት ቤት ገዛች ብለው ጻፉ፣ ዜናው ዓለምን ዞረ፣ ሰው እንኳን ደስ አለሽ አላት። ተመልሳ መጥታ ማረም ግድ ሆነባት። የኔ ያልኩት ታሪኬን ነው፣ ቤቱን አልገዛሁም፣ አባባሌ ረቀቀባችሁ መሰለኝ አለች።